ነፋሱ የገለበጠው ገጽ

ውድ ብርነሽ፣

እዚያ ዓለም ከተማ ውስጥ ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ ቃል ሳይዘል በቀስታ ያንብብልሽ። ጥፋቴ ላይ ሲደርስም ለእኔ አዝኖ አያለዝበው።

በጥቅምት 1991 መሐል ሜዳ ቤቴ ስትመጪ ለልጅሽ ባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የምትፈትዪው የበግ ጠጉር በጉያሽ ነበር። ልጅሽ በኃይሉ ከዘመተ አምስተኛ ወሩ ነው። "ያ ደብዳቤ አንባቢው ወዳጆ የልጄን ሲያነብልኝ፣ እኔ ቤቴ ሳልገባ ጠላ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል" አልሽኝ። "እትዬ፣ መጀመሪያ ስሙ የቱ ጋ እንዳለ ብቻ ያሳዩኝ።"

"ከመሃል አይጀመርም" አልኩሽ። "ከሀ ነው የሚጀመረው።"

እኔ መዳፌን በአለንጋ እየተመታሁ የተማርኩት እንደዚያ ነበር። ወረቀት አስምሬ ግብ ጻፍኩልሽ፤ እስከ ገና ፊደል መለየት፣ እስከ ፋሲካ ያንደኛ ክፍሉን የንባብ መጽሐፍ መጨረስ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ማንበብ ለማትችል ሴት በጽሑፍ የተሰጠ ግብ መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም።

እኔ ቀድሜ አነባለሁ፣ አንቺ ትከተያለሽ። ለቅሶ ቤት አንዴ የሰማሽውን ሙሾ እስከ ዓመቱ የማትረሺ ሴት ነሽ። ጣትሽ መስመሩ ላይ፣ ድምፅሽ ሳይደናቀፍ ትወርጂዋለሽ። "እንዲህማ ከሆነ ወዳጆ ሥራ ሊፈታ ነው" እያልሽ ትስቂ ነበር።

በሆሳዕና ዋዜማ በረንዳዬ ላይ ስታነቢ ነፋስ ገጹን ገለበጠው። አዲሱ ገጽ ስለ ንብ ነው። አንቺ ግን ጣትሽን እያንቀሳቀስሽ የቀደመውን፣ ስለ በሬው የሚያወራውን ቀጠልሽ።

አየሁ። ለፋሲካ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ገጹን ወደ ነበረበት መለስኩልሽና "ቀጥዪ" አልኩሽ።

በፋሲካ ማግስት ጎረቤት ጠርቼ አስነበብኩሽ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ "ይህቺን ሴት ዲያቆን አድርገን እንቅጠራት እንዴ" ብለው ቀለዱ። እኔም፣ ብርነሽ ከእንግዲህ አንባቢ አያስፈልጋትም ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ።

በሰኔ ማርያም ቀን ደጄ ላይ ቆመሽ ከመቀነትሽ ደብዳቤ ፈታሽ። እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል።

"መቼ ደረሰሽ?"

"በግንቦት መጨረሻ።"

"እስካሁን የት ነበርሽ?"

"እርስዎ ተምራለች ብለው ካወሩልኝ በኋላ በምን አፌ ልጠይቅ? ወዳጆ ጋ ብሄድ፣ 'አንቺ እመት ምሁር፣ ለኔ አንብቢልኝ እንጂ' ብሎ ሳቀብኝ። በየቀኑ አየዋለሁ፣ እትዬ። ስሙን እንኳ አላገኘሁትም።"

አነበብኩልሽ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ለአንድ ቀን ደብረ ብርሃን እንደሚደርስ ጽፏል። "እማዬ፣ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ባናውን ይዘሽልኝ ነይ" ይላል። ሚካኤል ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

"ጠብቆኝ ይሆን?" አልሽ።

ከዚያ ወዲህ ከእሱ የመጣ ወሬ የለም።

"እኔ ነኝ ደደቧ" ብለሽ ዓለም ከተማ ወዳለችው እህትሽ ሄድሽ። እኔም ስለ ነፋሱ ሳልነግርሽ ሸኘሁሽ። አሁን ልንገርሽ፤ ደደብ አልነበርሽም። እንዳልቻልሽ አውቄ ነበር። ከግቤ መስመር ላይ አንድ ምልክት እንዳይጎድል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ስሙን በመጀመሪያው ቀን አሳይቼሽ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ደብዳቤው ላይ እሱን ታገኚው ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር ብትይኝም በኃይሉ ከዚያ በር ላይ አይገኝም። ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው። በፋሲካው መስመር ትይዩ "ተፈጽሟል" ብዬ የጻፍኩትን እስክሞት አየዋለሁ።

ከፊርማዬ በታች ለብቻው በትልቁ የጻፍኩት አንድ ቃል አለ። እሱን ግን ሰው አያንብብልሽ። በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሽኝ ነው። ጣትሽን አሳርፊበት።

አመተሥላሴ
መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 1994 ዓ.ም.

በኃይሉ