በቀበሌ ደብዳቤ የሞትኩበት ክረምት

ሰኔ 23

የዛሬው ሙቀት አይጣል ነው። የጅዳ ሰው እንኳ አማረረ። የማዳምን አባያዎች ተኮስኩ... ዘጠኝ። አንዲት ሴት ዘጠኝ ጥቁር ልብስ ምን ያደርግላታል? ምን አገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ረውዳ የደብዳቤ ፎቶ ላከችልኝ። የካቶሊኮቹ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ነርሲንግ። ትንሽ ግቢ ናት፣ ተማሪው በስም ይተዋወቃል ትላለች። ሂጃቧን ፈርቼ ነበር። መዝጋቢዋ መነኩሲት፣ ሲስተር ተናኘ፣ "እንደለበስሽው ነይ" አለቻት አሉ። አልሃምዱሊላህ።

ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ አሥር ጊዜ አነበብኩት። ልጄ እኮ ናት። ሰባት ዓመቷ ላይ ጥያት ወጣሁ፣ አሥራ ስምንት ሞላት። ያሳደገቻት እናቴ ስለሆነች እሷን "እማ" ትላታለች። እኔን "እታለም"። እንደ ታላቅ እህት። ልማድ ነው፣ አልከፋም... እከፋለሁ እንጂ።

ከደብዳቤው ሥር ክፍያው አለ። ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡ። የእኔ ደሞዝ አይደርስበትም። "የድጋፍ ማመልከቻ ለሚፈልጉ" የሚል መስመርም አለ። እሱ ላይ ነው ተስፋችን።

ሰኔ 27

ወንድሜ ጁነዲን ከሐይቅ ደወለ። ድጋፉ አስቸጋሪ ነው አለ።

"አረብ አገር እናት ያላትን ልጅ ማን ይረዳታል? ሀብታም ናችሁ ነው የሚሉን።"

"የምን ሀብታም? ሽንት ቤት እያጠብኩ!"

"ሽንት ቤቱን ማን ያያል እታለም? ሪያሉን ነው የሚያዩት። አብሽሪ፣ እኔ መላ አለኝ።"

የጁነዲን መላ... ያ ረቢ።

ሐምሌ 4

መላውን ነገረኝ። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፏል። "ተማሪ ረውዳ እናቷ ወ/ሮ ሀሰና በሕይወት ስለሌሉ..."

በሕይወት የለሁም። ማኅተም ተመቶበታል። አባቷ ድሮውንም የለም፣ እሱ እንኳ እውነት ነው። ለወላጅ አልባ ልጆች ሙሉ ድጋፍ አላቸው አለ፤ ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ሁሉም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ፈራሁ። ሞትን ይጠሩታል እንዴ? ሳይጠሩት መቼ ቀርቶ ያውቃል?

ረውዳን ጠየቅኋት። "ወረቀት ብቻ ነው እታለም። ካልፈለግሽ እተወዋለሁ።" እተወዋለሁ ስትል ድምጿ ተሰበረ። አራት ዓመት በኩራዝ ያነበበች ልጅ።

እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 6

ሟች ሀሰና ዛሬ ሦስት ሽንት ቤት አጠበች፣ ሩዝ አበሰለች፣ በማዳም ተሰደበች። ሞትም አያሳርፍም ለካ።

ሐምሌ 20

አለፈች! ሙሉ ድጋፍ። በትራሱ አፌን አፍኜ እልል አልኩ። የማዳም ትንሿ ልጅ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "ልጄ ሀኪም ልትሆን ነው" አልኳት፤ ነርስ የሚለው ቃል በዓረብኛ ጠፍቶኝ። ይሁን፣ ላሳድጋት።

ለእማ ምንም እንዳትነግሩ ብያቸዋለሁ። ስለ ድጋፉ ንገሯት፣ ስለ ደብዳቤው ዝም።

ነሐሴ 2



የዩኒቨርሲቲው መነኮሳት ሐይቅ፣ እማ ቤት መጡ። ሳይናገሩ። ድጋፍ ያገኙትን ልጆች ቤት እየዞሩ ያያሉ አሉ። በዚያው ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ። አገሩ ነዋ! እናቷ የሞተችባትን ልጅ ቤት ባዶ እጅ፣ ዝም ብሎ ይገባል? ስኳርና ቡና ይዘው መጡ። ጁነዲን ገበያ ነበር። ረውዳ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። እማ ብቻዋን በር ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ሦስት ዓመቱ፣ የመጣውን ሰው በድምፅ ነው የምትለየው።

ሲስተር ተናኘ እጇን ያዘቻትና "እናታችን፣ ያጽናዎት። የሀሰናን ነገር ሰማን" አለቻት።

ጁነዲን ሲደርስ ሰፈሩ ሞልቷል። ጎረቤት ዳስ ሊጥል እንጨት ይዟል። ደወለልኝ። "ምን ልበላቸው? ምን ልበል?" ይላል። ከጀርባው የእማ ድምፅ ይሰማኛል...

"ሀሰናዬ፣ በሰው አገር ማን አጠበሽ? ማን ገነዘሽ?"

የራሴን ለቅሶ ሰማሁ። ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት በእጄ እንደያዝኩ።

ነሐሴ 3

ዛሬ ጁነዲንን ከእማ ጋር አገናኘኝ አልኩት። መነኮሳቱ ትናንቱኑ ሄደዋል፣ ጁነዲን ለሰፈሩ "ሐሰተኛ ወሬ ነው" ብሎ ዳሱን አስቁሟል።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ሀሰና ነኝ። ደህና ነኝ። እማ?"

"አንቺ የሰው ልጅ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። "ድምፅሽ ልጄን ይመስላል። አላህ ይስጥሽ። ግን አታድክሚኝ።"

ስልኩን መለሰችለት።

እንዴት አላመነችም እላለሁ? እንዴት ታምን! ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ የመን በረሃ ላይ የሞተ ጊዜ ስድስት ወር ደበቅናት። መርዶ በድንገት አይነገርም ብለን። እሷ ስትጠይቅ "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" እያልን። ሲብስባት ጁነዲን ከጓሮ ሆኖ በስልክ በሸምሱ ድምፅ ያወራት ነበር። "እማ እንዴት ነሽ፣ ጤና ነኝ።" እሷ ትመርቀዋለች። ሸምሱ አፈር ከገባ አምስት ወሩ።

ይህን ያደረግነው እኛ ነን። አሁን እኔ ስደውል እማ የምትሰማው ያንን ነው።

ነሐሴ 9

ምግብ አልበላ ብላለች። ወተት ብቻ። በቪዲዮ ደወልኩ፣ ለማን? ዓይኗ አያይ።

ነሐሴ 14፣ መካ

ማዳም እናቷን ለኡምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ ስታመጣ ዊልቸር እንድገፋ አስከተለችኝ። ሰባቱን ዙር ገፋሁ። አሮጊቷ ቀላል ናቸው፣ "አላህ ይጠብቅሽ ልጄ" ይሉኛል ደጋግመው። አለቀስኩ። ካዕባን አይቼ ያለቀስኩ መሰላቸው። የሰው እናት እየገፋሁ ነዋ!

ከዙህር ሶላት በኋላ ሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠየቅኩና ዑተይቢያ ሰፈር ሄድኩ፣ አክስቴ ረሺዳ ጋ። የእማ ታናሽ እህት ናት፣ መካ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ጨርቅ ትሸጣለች። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን ከፈተችና...

"አዑዙ ቢላህ!" መልሳ ዘጋችው።

"አክስቴ፣ እኔ ነኝ!"

"ቢስሚላህ በይ! ሰው ከሆንሽ ቢስሚላህ በይ!"

ደረጃው ላይ ቆሜ ቢስሚላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሌላም ሌላም አልኩ። ቀስ ብላ ከፈተች። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ጥፊ አቀመሰችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። ወላሂ በዚህ ቅደም ተከተል።

እማ መልእክት ልካላት ኖሯል። "ሀሰናዬ ኡምራ ሳታደርግልኝ ሞተች፣ አንቺ ቅርብ ነሽ፣ አስደርጊላት።" አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ለራሴ አድርጌ አላውቅም፣ እማ ታውቃለች። የአክስቴ ልጅ ሱፍያን ባለፈው ጁምዓ ነጩን ኢህራም ለብሶ አድርጎልኛል።

"በስምሽ ተደረገልሽ እኮ" አለችኝ አክስቴ፣ እያለቀሰች እየሳቀች። "አንቺ ደግሞ እዚህ ሻይ ትጠጫለሽ።"

ሁሉን ነገርኳት። ሳቋ ቆመ።

"ለልጅሽ ብለሽ ነው፣ ገባኝ። ግን እህቴ እየሞተች ነው ሀሰና። በወረቀት አይደለም። ሂጂ፣ ትዳብስሽ። ሌላ መድኃኒት የለውም።"

ነሐሴ 22

ማዳምን ኹሩጅ ወ ዐውዳ ጠየቅኳት፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ። ስታንገራግር ሰንብታ ዛሬ እሺ አለች። እናቷ ሳያስገድዷት አልቀሩም። አሥራ አምስት ቀን። "ካልተመለስሽ ኸላስ፣ አበቃ፤ ሌላ ከፊል፣ ዋስ የሚሆንሽ አሠሪ፣ አትፈልጊ።"

ለረውዳ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ።

"አትምጪ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አገሩ ሁሉ ያይሻል። ለሲስተሮቹ ይደርሳል። ድጋፉን ይነጥቁኛል። እታለም በአላህ... እስክመረቅ።"

አራት ዓመት። እስክትመረቅ ሙቼ ልቆይላት።

ዘጋሁባት። ተናደድኩ፣ ሰሃን ሰበርኩ። ደሞዜ ላይ ይቆረጣል፣ ይቆረጥ። እናቴ እህል ትታ፣ ይቺ... ከዚያ ደግሞ አዘንኩላት። ማን አስተማራት? ማን ነው "እሺ" ያለ? እናት ሳይኖራት አደገች፣ እናት የለኝም ብላ ጻፈች፣ ምኑ ነው ውሸቱ?

ነሐሴ 25

ወይ እናቴን፣ ወይ ልጄን። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ማዳም ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማሁም።

ጳጉሜ 2

ዛሬ ለሲስተር ተናኘ ደወልኩ። ቁጥሩ ከመቀበያ ደብዳቤው ላይ ነበር። ለረውዳ አልነገርኳትም።

"የተማሪ ረውዳ ቤተሰብ ነኝ" አልኩ።

"ማን ልበል? አያቷ እንዴት ሆኑ? በጸሎት እያሰብናቸው ነው።"

"እኔ... የሞትኩት እኔ ነኝ ሲስተር።"

እንዲህ ነው የወጣኝ። ሌላ ቃል አላዘጋጀሁም።  

"እንግዲያው በእኚያ እናት ላይ ልጃቸውን የገደልኩባቸው እኔ ነኝ" አለች። ታለቅስ ነበር። ትቆጣኛለች ብዬ ነው የጠበቅኩት።

ሁሉንም ነገርኳት። አረብ አገር ሰው ያለው አይረዳም ስለተባለ፣ አልኳት።

"ማን ነው ያላችሁ?"

"... ሰው።"

"ፎርሙ ላይ እኮ ቦታ አለው እህቴ። 'ወላጅ ውጭ አገር በቤት ሠራተኝነት' የሚል። እንደ ረውዳ ያሉ ስድስት ልጆች አሉን። ሙሉ ባይሆን አብዛኛውን እንሸፍናለን። ብትጠይቁን ኖሮ..."

ብንጠይቅ ኖሮ። የጠየቀ የለም። ጁነዲን ሰማሁ አለ፣ እኔ አመንኩ፣ ረውዳ ፈራች። ፎርሙን አገላብጦ ያየ አንድ ሰው የለም።

"አሁንስ?" አልኩ።

የዘንድሮው ጊዜ አልፏል አለች። የወላጅ አልባዎቹ ቦታ ተራ ለምትጠብቅ ልጅ ይሰጣል፣ እናትም አባትም ለሌላት። ረውዳ ከርሞ በእውነተኛው ወረቀት ታመልክት፣ ይህን ጥፋት ለኮሚቴው እኔ አስረዳለሁ፣ ቃል ግን አልገባም አለች።

"ይገባታል" አልኩ፣ ለዚያች ለማላውቃት ልጅ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

ጳጉሜ 3

ሲስተር ነግራት ኖሮ፣ ረውዳ በድምፅ ላከችልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "አሁን ገና ሞትሽብኝ።"

መስከረም 21፣ ጅዳ

ከሐይቅ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ሳልፈታ የእንግዳ ቤቱን መጋረጃ አጠብኩ። ማዳም "እናትሽ ደህና ናት?" አለች። "ደህና ናት" አልኩ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም... ልሞክር።

ረውዳ መናኸሪያ መጥታ ነበር። አልሳመችኝም፣ ሻንጣውን ግን ተቀበለችኝ። ከእኔ በቁመት በልጣለች። ዘንድሮ አትማርም። ሦስት ቀን ኮረፈች፣ በአራተኛው ከሲስተር የተላከውን አዲሱን ፎርም አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። አብረን ሞላነው። "እናት" የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ። "በሕይወት አለች" ብዬ ጻፍኩ። "ሥራ፦ የሰው ቤት።" ከርሞ የሚሆነውን አላህ ያውቃል።

እማ...

የገባሁ ቀን በር ላይ ነበረች፣ ግማሽ ሆናለች። ተንበርክኬ "እማ መጣሁ" አልኳት። እጄን ፈለገች፣ ሰጠኋት። መዳፉን ዳበሰች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በረኪና የበላውን ጥፍር፣ የተላጠውን ቆዳ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጁነዲን አፉን ይዟል። እኔ አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ታቅፈኛለች እላለሁ።

"ብዙ ደክመሻል አንቺ ልጅ" አለች። "የኔዋ ለስላሳ ነበረች። ሂና የምትሞቅ።"

"እኔ ነኝ እማ፣ ወላሂ እኔ ነኝ!"

"እሺ ልጄ" አለች፣ እንግዳን እንደሚያባብሉ። ለጁነዲን ደግሞ፦ "ከሩቅ ያመጣችኋት ናት፣ አብሏት።"

የልጅነቴን ነገርኳት። የወደቅኩበትን ጉድጓድ፣ የሸምሱን ጠባሳ፣ በሰርጌ ቀን ያለቀሰችውን። "ነግረዋታል" ትላለች። አክስቴ ከመካ ደውላ ማለችላት። "ረሺዳም እንዳልጎዳ ብላ ነው።"

አሥራ ሁለት ቀን አጠብኳት፣ ጸጉሯን ጎነጎንኩ፣ አጎረስኳት። ከእኔ እጅ በላች። ይህን እንኳ አገኘሁ፣ በላች፣ ትንሽ ደም ተመለሰላት። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ነው ብላ ይሆናል።

የመሄጃዬ ቀን ጉልበቷን ስሜ ተነሣሁ። እጄን አልለቅ አለችኝ። መልሼ ተቀመጥኩ። አወቀችኝ ብዬ።

"ልጄን ትመስይኛለሽ" አለች። "ለሰው እናት እንዲህ የሆንሽ... አላህ የራስሽን እናት ያቆይልሽ።"

አሚን አልኩ።