የኤሚል ኮቫርና የወንድማቸው የጆሴፍ የሕይወት ታሪክ

ኤሚል ኮቫር ከአባታቸው ከአቶ ማርቲን ኮቫርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አና፣ በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል በምትገኝ አንዲት የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1917 ተወለዱ። በፊልም ዓለም ድዋይት ካርሞዲ ተብለው የሚታወቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ስለ ድዋይት ካርሞዲ የወጡ ጽሑፎች በሙሉ ቦስተን ውስጥ ከሐኪም ቤተሰብ እንደተወለዱ ይናገራሉ። ያን የፈጠረው ያሠራቸው የነበረው የፊልም ኩባንያ ነው። አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ እናታቸውም ከአውሮፓ የመጡ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሴት ነበሩ።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀነው የሥጋ ዘመዶቻቸው አይደለንም። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ዘጠኝ ዓመት የረዳቻቸው የእህታችን የጌጤነሽ ቤተሰቦች ነን። በአማርኛ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ኋላ ላይ እንነግራችኋለን።

ሚስተር ኤሚል እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው በሳንባ በሽታ ሲሞቱ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው በአባታቸው ቦታ ከሰል ለመቆፈር ወረዱ። ታናሽ ወንድማቸው ጆሴፍ ግን ትምህርቱን እንዲጨርስና ጉድጓድ የሚባል ነገር እንዳይረግጥ እናታቸው ኤሚልን ቃል አስገቧቸው። ኤሚልም ቃል ገቡ።

ከዚያ ሁሉ ጥቀርሻ ውስጥ ሚስተር ኤሚል የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬደው ከተማ ውስጥ ያለው ሲኒማ ቤት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1934 በጣም ሊያዩት የፈለጉት ፊልም የመጨረሻ ቀኑ ሆነ። ከሥራ የቀረ ደግሞ ይባረራል። በዚያ ጊዜ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ናስ ይይዛል፤ ከታች ማን እንዳለ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሚስተር ኤሚል ናሳቸውን ለጆሴፍ ሰጡት። አሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ቁመቱ ከወንድሙ እኩል ነበር፤ ፊትን እንደሆነ ከሰሉ ይሸፍነዋል። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አሉት። ጆሴፍ እንደ ትልቅ ሰው በመቆጠሩ ደስ ብሎት ሄደ።

ሚስተር ኤሚል ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይተው፣ እዚያው አድረው በማግስቱ ጠዋት ሲመለሱ መንደሩን ጭር ብሎ አገኙት። ሕዝቡ በሙሉ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰብስቧል። ጉድጓዱ ተደርምሶ አሥራ አንድ ሰዎች ከውስጥ ቀርተዋል። ሊያወጧቸው የሚሞክሩት ሰዎች ወደ ታች በሚወርደው የአየር ቧንቧ ላይ ጆሯቸውን ደቅነው ያዳምጣሉ። ከታች ሰው እየመታ ነበር። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመታል።

እናታቸውን ወደ ቧንቧው አቀረቧቸው። እሳቸውም አፋቸውን ገጥመው «ኤሚል! ልጄ ኤሚል!» ብለው ተጣሩ። ከታች ሦስት ምት መለሰ። ልጄ አለ ብለው እናታቸው ተንበርክከው አመሰገኑ። ሚስተር ኤሚል ከሕዝቡ ኋላ፣ ከእናታቸው አሥር እርምጃ ርቀው ቆመው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ጆሴፍ በእሳቸው ስም ተጠርቶ በእሳቸው ስም አቤት እንዳለ ገባቸው። አንድ ቃል መናገር ነበረባቸው፤ አልተናገሩም። ዞረው ሄዱ። ምቱ በማግስቱ ቆመ፣ ጉድጓዱም እንደተዘጋ ቀረ። በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት አሥራ አንድ ስሞች አንዱ ኤሚል ኮቫር የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ካሊፎርኒያ ገብተው በፊልም ኩባንያ ፈረስ ማጠብ ጀመሩ። አንድ ቀን ተመትቶ የሚወድቅ ሰው ጎድሎ እሳቸውን አቆሟቸው፤ አወዳደቃቸውን ያየ ሁሉ በዚያው ሥራ አስቀራቸው። እስከ 1964 ድረስ በሠላሳ ስምንት ፊልሞች ሠርተው በሃያ ዘጠኙ ሞተዋል። በጥይት፣ በገመድ፣ በባሕር፣ አንድ ጊዜም በአንበሳ። ዋና ተዋናይ ሆነው አያውቁም፤ ዋናው ተዋናይ የሚያለቅስለት ጓደኛ ነበሩ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እምቢ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ መሬት ተደርምሶበት የሚሞት ሰው ሆኖ መሥራት። በዚህ እምቢታቸው አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የልብስ ሰፊ ሙያ ከነበራቸው ከወይዘሮ ሎሬይን ጋር ትዳር መሥርተው ከሰባት ዓመት በኋላ ተለያዩ። በእንቅልፍ ልባቸው ግድግዳ እየደበደቡ አላስተኛ ብለዋቸው እንደነበር ወይዘሮ ሎሬይን ለፍርድ ቤት ተናግረዋል። ልጅ አልወለዱም።

በእነዚያ ዓመታት ሚስተር ኤሚል ለእናታቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ፊርማው ግን ጆሴፍ ይላል። እናታቸውም ኤሚል እንደሞተ፣ ጆሴፍ በሐዘን ከቤት ጠፍቶ ካሊፎርኒያ እንደሚኖር አመኑ። ደብዳቤውን የምታነብላቸውም መልሱን የምትጽፍላቸውም ጎረቤት ስለነበረች የእጅ ጽሑፉን የጠረጠረ የለም። እህታችን ጌጤነሽ ከሠላሳ ስምንቱ ፊልም ይበልጥ ጥሩ አድርገው የሠሩት ይህንን ነው ትላለች፤ ስትለው ግን አትስቅም።

እ.ኤ.አ. በ1948 ከእናታቸው የመጣው ደብዳቤ በሚስተር ኤሚል ትራስ ሥር ተገኝቷል። እንዲህ ይላል፦ «ጆ፣ ጎረቤቶቼ ሲኒማ ወሰዱኝ። በጥይት የሚሞት አንድ ሰው ነበር። አካሄዱ የኤሚል ነው፣ ሳቁም የኤሚል ነው። በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ አየሁት፤ በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። እዚያ አገር ካገኘኸው፣ እናትህ አልተቆጣችም ብለህ ንገረው።»

ሚስተር ኤሚል ከዚያ በኋላ አንድም ደብዳቤ አልጻፉም። እናታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መጥተው ለዓይነ ሥውራን መጻሕፍትን በድምፅ ማንበብ ሥራቸው ሆነ። በ1971 የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩትን ወይዘሮ ኤሊኖርን አግብተው በሲልቨር ስፕሪንግ ሠላሳ ዓመት በሰላም ኖሩ። ወይዘሮ ኤሊኖር በ2001 ሲያርፉ ብቻቸውን ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ጌጤነሽ አሌክሳንድሪያ ካለው ከላንድማርክ ሰፈር በአውቶቡስና በባቡር እየተመላለሰች ትረዳቸው ጀመር።

ጌጤነሽ ዝም ማለት የማይሆንላት ሰው ናት፤ ሚስተር ኤሚልም ወሬዋን ወደዱት። የድሮ ፊልሞቻቸው በቴሌቪዥን ሲመጡ ድምፁን አጥፍተው ያዩና፣ ሌላው ተዋናይ ሲሞት «ይኼ ቸኮለ» ብለው ይነቅፉ ነበር። ጌጤነሽ በሞት የሚቀልድ ሰው አይታ ስለማታውቅ ታማትባለች። ልጇ ሳምሪ ትምህርት በማይኖርበት ቀን አብራት ትሄድ ነበርና አንድ ቀን «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ በየፊልሙ እኮ ነው የሚሞተው» ብላ ለሁላችንም አወራች። ስቀን ነበር።

የሚኖሩበት ሕንፃ አሮጌ ነውና ክረምት ሲመጣ የማሞቂያው ቧንቧ ይንኳኳል። ጌጤነሽ በመጀመሪያው ዓመት ለሜንተናንስ ኮል አድርጋ ሠራተኛ አስመጣች። ሚስተር ኤሚል በር ላይ ቆመው አላስገባም አሉ። ቧንቧው ሲመታ ምግብ ያቆማሉ፣ ንግግራቸውንም ያቋርጣሉ። ፊታቸው የሚሆነውን አይታ ጌጤነሽ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጌጤነሽ ባለቤት ደሳለኝ አረፈ። ሚስተር ኤሚል በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው እስከ አሌክሳንድሪያ መጡ። የደሳለኝ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አዳመጡ፤ አንድ ቃል ሳይገባቸው። ሳምሪን ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቋት። የማን ልጅ እንደነበረ፣ የት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ሁሉም ሰው እንዲሰማ ነው አለቻቸው።

ከሳምንት በኋላ ጌጤነሽን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እስካሁን የነገርናችሁን ሁሉ ሦስት ቀን ሙሉ ነገሯት። ጌጤነሽ እናታቸውን አስባ ተናደደች። መድኃኒታቸውን እየሰጠች ሳምንት ሙሉ አላነጋገረቻቸውም፤ ለእሷ ሳምንት ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቋት ታውቃላችሁ። ሚስተር ኤሚል ይቅር በይኝ አላሏትም። «ውሸቴ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አልቋል። ስለ እኔ ውሸት ባልተጻፈበት ቋንቋ አንብቡልኝ። ሁለታችንንም አንብቡ» አሏት። ቃል ገባች።

በዚህ ዓመት ጃንዩወሪ ላይ በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ቤቴ ውሰዱኝ ብለውም ተመለሱ። ሰኞ ፌብሩወሪ 7 ቀን እኩለ ቀን ላይ ጌጤነሽ ሾርባ እያጎረሰቻቸው ቧንቧው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሚስተር ኤሚል ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም። ጌጤነሽ ማንኪያውን ጠርጋ በእጃቸው አስያዘቻቸው፣ እጃቸውንም በእጇ ደግፋ ወደ ቧንቧው አስጠጋችው። ሦስት ጊዜ መቱ።

«ጆ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ኤሚል ነኝ። እዚህ ነኝ።»

ከዚያ ቧንቧው ዝም አለ። ቧንቧ ሲሞቅና ሲበርድ እንደሚጮህ ጌጤነሽ ታውቃለች። እስካሁን ግን፣ ብርዱ ሳይቀንስ፣ አንድም ጊዜ አልተንኳኳም። ሚስተር ኤሚል በማግስቱ ፌብሩወሪ 8 ቀን 2011 ጠዋት በተወለዱ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው አረፉ። የሚያዝኑላቸው እህታችን ጌጤነሽ፣ ልጇ ሳምሪና እዚህ የቆማችሁት ናችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ካህን አባ ወልደአምላክም፣ ሚስተር ኤሚል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ባይሆኑም፣ መቃብራቸው ላይ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ ብለው መጥተዋል።

የሚከተለውን ተነሥታችሁ እንድትሰሙልን እንለምናለን። እስከ ዛሬ አልተነበበም።

ጆሴፍ ኮቫር ከአባታቸው ከአቶ ማርቲን ኮቫርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አና እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1919 ተወለዱ። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል፤ ሂሳብ ይወዱ ነበር፣ ሃርሞኒካም ይነፉ ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ ሠሩ። ትዳር አልያዙም፣ ልጅም አልወለዱም። እናታቸው በሌላ ስም ሲጠሯቸው፣ እናታቸው እንዳይደነግጡ አቤት አሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1934 በተወለዱ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከመሬት በታች አረፉ። ወንድማቸው ኤሚል ከእሳቸው በኋላ ሰባ ስድስት ዓመት አዝነውላቸዋል።

አምላክ የሁለቱንም ነፍስ ይማርልን። እናታቸው ወይዘሮ አና ባሉበት፣ ልጆቻቸው ዛሬ በየስማቸው ይጠሩላቸው። አሜን።