የማማ ከቢራ ፎቶ

ሰኞ

ዛሬም ካሜራው አልመጣም። ማዳም ሁለቴ ወደ በር ላከችኝ፤ አንዱ ኳሱ የገባበት የጎረቤት ልጅ፣ ሌላው ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይልከኝ ደወል የሰማሁ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ማንም የለም። ወደ የመን ድንበር፣ ወደ ጡዋል የሚወርዱት የጭነት መኪኖች አቧራ ብቻ። ማዳም ሳቀችብኝ። "አሊያ፣ ከኔ ብሰሽ አበድሽ እኮ!" ዓለምነሽ ማለት ስለሚከብዳት አሊያ ነው የምትለኝ። ለምጄዋለሁ።

እውነቷን ነው፣ አብጃለሁ። ምን አገባኝ? ካሜራው የሷ። እሷ ሰርግ ላይ የሴቶችን አዳራሽ የምታነሳ ፎቶ አንሺ ናት። እኔ ቤቷን የማጸዳ፣ የማበስል፣ ሰርግ ሲኖር ቦርሳና መብራት የምሸከም ሠራተኛ ነኝ። በሰው ዕቃ ልቤ እንዲህ መንጠልጠሉ ያሳፍረኛል። የባሰው ደግሞ ባለፈው ታናሽ እህቴ ትርንጎ ስትደውል "አዲስ ካሜራ ሊመጣልን ነው" ብያት፣ ወልድያ ላይ "እህቴ የራሷን ካሜራ ገዛች" ብላ ሰፈሩን አዳርሳዋለች። ሰማሁ፣ አላረምኳትም። ጣፈጠኝ መሰለኝ።

እዚህ የሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ፊታቸውን ገልጠው፣ ጸጉራቸውን ለቀው ነው የሚጨፍሩት። አንድ ፎቶ አምልጦ ወንድ ስልክ ውስጥ ከገባ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው፣ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ አሁን አሁን ሙሽሮቹ በፊልም አንሺን ማለት ጀምረዋል። ማዳም ፊልሙን እዚሁ አቡ ዓሪሽ፣ በመታጠቢያ ቤታችን ታጥበዋለች። የወንድ እጅ ሳይነካው ፊልሙም ፎቶውም ለሙሽራዋ እናት ይሰጣል፣ ኸላስ፣ በቃ አለቀ።

ማክሰኞ

አሁንም የለም። ምሳ ላይ ማዳም እንደገና ጥርጣሬ ገባት። "ያገለገለውን ብገዛ ይሻል ነበር ይሆን?" አለችኝ። ኧረ በስማም! ያን ጂዛን ያለው ሰውዬ የሚሸጠውን? ትልቅ የካሜራው ስም ብቻ ነው። እኔው ራሴ ነኝ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሬ ያየሁት፤ ውስጡ ሻጋታ የሸረሪት ድር ሠርቶበታል። የዚህ አገር ወበቅ ብርጭቆም ይበላል። ቢበላሽ ደግሞ ጠጋኙ ጂዳ ነው።

ትንሿ የፕላስቲኳ ካሜራስ? ፍላሿ ሂናውንም ወርቁንም ነጭ አድርጋ ታጠፋዋለች። የማዳም አሮጌው ካሜራ ጥሩ ነው፣ አልወቅሰውም፣ ግን ውስጡ መስታወት አለው፤ ባነሳች ቁጥር ቷ! ይላል። አሮጊቶቹ ይደነግጣሉ፣ ፊታቸው ይኮማተራል።

አዲሱ ሬንጅፋይንደር የሚሉት ዓይነት ነው። መስታወት የለውም፣ ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ከሌንሱ ጎን ባለ ትንሽ መስኮት ነው የምታይው፤ የሰውየው ምስል ሁለት ሆኖ ይታይሻል፣ ቀለበቱን ስታዞሪ አንዱ አንዱ ላይ ይገጥማል፣ ያኔ ጠርቷል ማለት ነው። ክፋቱ አንድ ነው። በሌንሱ ውስጥ ስለማታይ፣ የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቺ ብታነሺ እንኳ በመስኮቱ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ይሄን ከቪዲዮ ተምሬ ለማዳም የነገርኳት እኔ ነኝ። "ማዳም፣ ክዳን የሚረሳ ጅል ብቻ ነው" አልኳት። አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት።

ረቡዕ

መጣ! እሰይ! ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ ቤቱ ጠፍቶት ሰፈሩን ሲዞር ቆይቶ ነው። ማዳም ካርቶኑን በቢላዋ ስትቀድ "ቀስ በይ" ብዬ ጮህኩባት። በማዳም ላይ! እሷም ግድ አልሰጣትም።

ከባድ ነው፣ ግን እጅ ላይ ይቀመጣል። ፊልም ሳናገባ እየተቀባበልን ሞከርነው። የፍሪጁን እጀታ ሁለት ሆኖ አየሁት፣ ቀለበቱን አዞርኩ፣ አንድ ሆነ። ጾም ይዤ፣ ባዶ ሆዴን፣ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ከዚያ ማማ ከቢራ ደወሉ። ትልቋ እማማ ማለት ነው፤ የማዳም እናት ናቸው፣ ተራራው ላይ አል-ዒዳቢ ነው የሚኖሩት። ነገ የልጅ ልጃቸው ሰርግ እዚያው ነው። በዕድሜያቸው አንድም ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ ለመታወቂያ የግድ ሆኖ ከተነሱት በቀር። ማዳም ስንት ዓመት ለምናቸዋለች፣ እምቢ። ዛሬ ግን ስለ ፊልሙ ሰምተው እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ አስከተሉ፦ "አንቺ አታንሺኝም። ቀና በይ፣ ዝቅ በይ እያልሽ ታደክሚኛለሽ። አሊያ ታንሳኝ።"

እዚህ ታመው የተኙ ጊዜ ጸጉራቸውን ያጠብኩ፣ እግራቸውን በዘይት ያሸሁ እኔ ነበርኩ። አልረሱም። ማዳም ስልኩን ዘግታ ካሜራውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ሙሽራዋን እኔ በአሮጌው አነሳለሁ። እማዬን አንቺ፣ በዚህ።" ደስታዬን የት ላድርገው!

ሐሙስ

ተመልሰናል። መጻፍ አልችልም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

አርብ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

መንገድ ላይ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ክዳኑን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ተፍቲሹ ጋ፣ ኬላው ላይ ወታደሩ መኪናውን ሲፈትሽ። እዚያ ስንደርስ ማዳም ወደ ሙሽራዋ ሄደች፣ እኔ ወደ ማማ ከቢራ ክፍል። ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። በመስኮቱ በማንጎው ዛፍ በኩል የሚገባው ብርሃን እንዴት ያምር ነበር። በሩን ከውስጥ ቆለፉት። ሻርፓቸውን አወረዱ። ጸጉራቸው በሂና ቀልቷል፣ ፉል የሚሉት ነጭ የጃስሚን አበባ ከጆሯቸው እስከ ደረታቸው ተንጠልጥሏል።

"እንዴት ልሁን?" አሉኝ።

"እንዳሉት ይሁኑ ማማ።"

"የእናቴ ፊት ጠፋብኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ" አሉኝ። "ድምጿ አለ፣ ፊቷን ግን ባመጣው ባመጣው እምቢ አለኝ። ልጆቹ የኔንም እንዳያጡ ነው።"

ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳኋቸው። አልቸኮልኩም። ሁለቱ ምስል ዓይናቸው ላይ ሲገጥም፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጨቅ። "ቆንጆ ነዎት ማማ፣ ወላሂ ቆንጆ ነዎት" እላለሁ። ሲያልቅ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ከአበባው በጥሰው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። እኔም ሌንሱን ልከድን እጄን ዘረጋሁ።

ተከድኗል። ክዳኑ እዚያው ነው። ሲጀመርም አልከፈትኩትም።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ሌላ ፊልም ቦርሳው ውስጥ ነበር፣ ብርሃኑም ገና አልሄደም። ግን ሻርፓቸውን መልሰው ለብሰው፣ እንደ ልጃገረድ እየተሽኮረመሙ፣ "ማንም እንዳያየው" ይሉኛል። ከውጭ ሴቶቹ እልል ብለው ሙሽራዋ ወጣች ተባለ። ተነስተው ሄዱ። እኔ አበባውን እንዳሰርኩ ቀረሁ። አበባው አንገቴ ላይ ነው፣ ፊልሙ ባዶ ነው። ምላሴን ምን ያዘው? ፍርሃት አይደለም። ክዳን የሚረሳ ጅል ነው ብዬ ነበራ! አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ዛሬ ትርንጎ ደወለች። "እንዴት ነበር ሰርጉ? አነሳሽ?" "አነሳሁ።" "ቆንጆ ሆነ?" "ቆንጆ።" ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እመብርሃን ፊትም መቆም አፈርኩ።

ቅዳሜ

ፊልሙን አጠብን። ማዳም የሙሽራዋን አስቀድማ አወጣችው፣ ጥሩ ነው። የማማ ከቢራን ከጣሳው ስታወጣው ጠርቶ፣ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ወጣ። ምንም የለበትም። በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላው ዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ክዳኑን ከፍተሽ ነበር?"

"ከፍቼ ነበር።"

ይኸው። ሁለት ቃል። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

አመነችኝ! ባታምነኝ ይሻለኝ ነበር። "አሊያ እንኳን አትረሳም" አለች፣ ለራሷ። ወዲያው ካሜራውን ለላከችልን የጂዳ ሻጭ ደወለች። እቃ እያጠብኩ ሁሉንም ሰማሁ። የውስጡ መጋረጃ አይከፈትም፣ አጭበርብረሽኛል፣ ለሴቶቹ ሁሉ እነግርብሻለሁ፣ ምን ያላለቻት አለ። ልጅቷ "ወላሂ ሳልፈትሽ አልላክሁም" እያለች ድምፅዋ ሲሰበር ይሰማኛል። አንድ ያላጠፋች ሴት በኔ ምክንያት ስትሰደብ፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ።

ካሜራውን ወደ ጂዳ እንድትመልሰው በካርቶኑ መልሰን አሸግነው። ቴፑን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

"ነገ ለእማዬ ፊት ለፊት እነግራታለሁ" አለች። "አንቺም ነይ። ካንቺ ስትሰማ ይቀላታል።"

እሁድ

ዳገቱ ሲጀምር ልናገር አልኩ። ተፍቲሹን ስናልፍ ልናገር አልኩ። ማንጎ የሚሸጡበት ጋ ስትቆም ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ "ዛሬ የምንልከው ካርቶን ላይ ዕቃ አልተጫነም?" ብዬ ዘጋሁት። አይ ወኔ!

ማማ ከቢራ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው እየጠበቁን ነበር። ከመቀመጣችን ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ሳቡ። ልብሳቸውን አውጥተው ባዶ አድርገውታል። ታች ነጭ ጨርቅ አንጥፈውበታል። "ወንዶቹ በማያዩት ቦታ እዚህ ይቀመጣል" አሉ። "የታል?"

ማዳም ጀመረች። "እማ፣ ካሜራው ተበላሽቶ..."

"አልተበላሸም" አልኩ። "ካሜራው ምንም አላለም። እኔ ነኝ። ክዳኑን አልከፈትኩም።"

"ጠይቄሽ ነበር!" አለች ማዳም።

"ዋሸሁሽ።"

ዓይኔን የት ላድርገው። ምንጣፉን ነው ያየሁት። ማዳም በአረብኛ ያልሰማሁትን ሁሉ አወረደችብኝ፤ ይገባኛል። ማማ ከቢራ ግን ነገሩ አልገባቸውም። "የምን ክዳን?" ይላሉ። ሄጄ ካርቶኑን ከመኪናው አመጣሁ፣ ቴፑን ቀደድኩ፣ ካሜራውን እንደተከደነ ዓይናቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"ልጄ ትታየኛለች" አሉ። "ተቆጥታለች።"

"እርስዎ ያዩዋታል። እሱ ግን አያያትም፣ ማማ። ከፊት ተሸፍኗል።"

ክዳኑን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ "አንቺስ አየሽኝ?" አሉኝ።

"አየሁዎት።"

"እስቲ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ግራ ቅንድብዎ ከቀኙ ከፍ ይላል አልኩ። የዓይንዎ ቆብ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለች፣ ምስሉን የማጋጥመው እሷ ላይ ነበር። ብርሃኑ ጉንጭዎ ላይ ሲያርፍ ሽብሽቡ ሁሉ ወደ ጆሮዎ ይሄዳል። መጀመሪያ ፈርተው ነበር፣ መሃል ላይ ማንን እንዳሰቡ እንጃ፣ ፊትዎ ተፈታ። ማዳም ስድቧን ትታ ትሰማ ጀመር። "ጥርሴስ?" አሉ ማማ ከቢራ። "አፍዎን ገጥመው ነበር።" "ደግ አደረግኩ" አሉ።

እኔም ተደፋፈርኩ። "ብርሃን አለ ማማ፣ አሁን እንደገና ላንሳዎት፣ በእግዜር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም። ያን ቀን ፊቴን ስገልጥልሽ እፍረቱ እንዴት እንደከበደኝ አንቺ አታውቂም። ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግኩትን ነው ያደረግኩት። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። አሁን ደግሞ ድገሚው ትይኛለሽ።"

እስከዛሬ ያፈርኩት ለራሴ ነበር፤ ጅል እንዳልባል። እኚህ ሴትዮ የሰጡኝን ያኔ ነው ያወቅኩት። እግራቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አላነሱኝም፣ አልገፉኝምም።

ልንወጣ ስንል በሩ ጋ ማዳምን ጠሯት። ሳጥኑ አሁንም እንደተከፈተ ነው። "ልቤ ከተመለሰ እደውላለሁ" አሏት። "ካልተመለሰም ተዉኝ። ግን ሌላ ሰው እንዳታመጪብኝ። እሷው ትምጣ።"

ማዳም እስከ አቡ ዓሪሽ አላናገረችኝም። እቤት ስንደርስ "ካርቶኑን አስገቢው" አለች። ከዚያ ለሻጯ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ፣ "ራስሽ ንገሪያት" ብላ። ነገርኳት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ይቅርታ፣ ይቅርታ አልኳት።

አሁን ራት እየሠራሁ ነው። ማዳም ልትታጠብ ስትገባ ስልኳን ወጥ ቤት ትታው ሄደች፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ። ማማ ከቢራ የሚደውሉት በዚያ ስልክ ነው። ሆነ ብላ ይሁን ረስታው አላውቅም። እጄን እየጠራረግኩ ደጋግሜ አየዋለሁ። እስካሁን አልጮኸም።