ጋሽ በላቸው ያላሳደጓት ልጅ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ከቀኑ 9 ሰ.
ብሬክ ላይ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስፌት ክፍላችን ውስጥ አሥራ አራት ሱሪ አሳጥሬያለሁ። ዘንድሮ ሆቴላችን የሚቀጥራቸው የካዚኖ ካርታ አዳዮች ሁሉ አጫጭር ናቸው።

ደብተሬ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጋሽ በላቸው የተቀበሩ ዕለት ቤ/ክ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ደሴ አማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ እዚህ ስደት አገር ሰው ሲሞት እኔ ነኝ የምጠራው። ይኼ አሥራ ሁለተኛዬ ነው፤ እንዲህ የተለቀሰበት ግን የለም። እጅሽ ይባረክ ያላለኝ ሰው የለም። አንዷማ ለራሷ ከአሁኑ ልታስጽፈኝ ምንም አልቀራት።

ደስ ብሎኛል። ደግሞ ደስ አላለኝም። ለአንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ፦ የጻፈው ኤአይ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። ከሥራ መልስ
ሌላ ጊዜ ደብተር ይዤ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ። እቀመጣለሁ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት እጠይቃለሁ። ያን ሳምንት ግን ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ፣ ኮንቬንሽን ነበረበት፣ ኦቨርታይም በላይ በላዩ። ለልጃቸው ለናቲ ደወልኩ። እዚህ የተወለደ ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት መስመር ቴክስት አደረገልኝ። ጎንደር ተወለደ። በሱዳን በኩል ተሰደደ። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነዳ። ጥሩ አባት ነበር።

አራቱን መስመር ለኤአይ ሰጠሁና ልብ የሚነካ አድርገው አልኩት። አደረገው። «በሱዳን የስደተኞች ካምፕ እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አንስተው ከአፋቸው እየነጠቁ አሳደጉ።» እዚህ ጋ ስደርስ ራሴ አለቀስኩ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም። እውነቱን ልናገር? መጠየቅ አልፈለግኩም። ዓረፍተ ነገሯ በጣም ታምር ነበር።

ዛሬ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። ለምስጋና መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያቺ ልጅ ማን ናት አሉኝ። እሳቸው ጋሽ በላቸውን ያገቡት እዚህ መጥተው ነው፤ የሱዳኑን ዘመን አያውቁትም።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ለእኔ ያልነገረኝን፣ ላንቺ እንዴት ነገረሽ?»

ድሮ ሲያወሩ የሰማሁ መሰለኝ አልኩ። መሰለኝ! አፌን ምን ነካው። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያኔ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 13
ኤአዩን ይቺን ልጅ ከየት አመጣሃት አልኩት። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። በሰጠኸኝ መረጃ ውስጥ አልነበረችም፣ ታሪኩን ለማዳበር የጨመርኩት ነው፣ ላስተካክልልህ? አለ። ወንድ አደረገኝ ደግሞ። ይቅርታው አንድ ሴኮንድ አልፈጀበትም። እኔ ቀናት ሆነኝ፣ ገና አልጠየቅኩም።

ከቅዳሴ በኋላ የባሰ መጣ። ጋሽ ግርማ፣ ሱዳን አብረዋቸው የነበሩት፣ ፓርኪንጉ ላይ ያዙኝ። ልጅቷን ደህና አድርገው ያስታውሷታል። ቀይ ቀሚስ ነበራት። ለእትዬም ነግረዋቸዋል።

ቀይ ቀሚስ። መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፋብኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
እትዬ ቆርጠዋል፤ ልጅቷ የጋሽ በላቸው የራሳቸው ናት፣ ደብቀዋት ነው። ፌስቡክ ላይ የምናወጣው ማፈላለጊያ ጻፊልኝ አሉኝ፤ ለአርባው እንድትደርስ። የእሱ ከሆነች የኔም ናት፣ ከናቲ ጎን ትቁም አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደረቅ ነው። መቃብሩ ጋ መሄድ አቁመዋል።

ናቲ ሰመርሊን ካለው ቢሮው ደወለ። «ማሚ ዳዲ ላይ ማድ ናት። የሞተ ሰው ላይ እንዴት ትናደዳለች?» አለኝ። ሥራ ይዣለሁ ብዬ ዘጋሁት። አልያዝኩም ነበር። እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25። ጠዋት፣ ከሺፍት በፊት
ማፈላለጊያውን አልጻፍኩም። ሦስቴ ደውለዋል፣ አላነሳሁም። ፈሪ።

የምፈራው ምኑን ነው? እሳቸውን ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማ ማንም ሰው ስሜን ካነሳ ለምጽፈው የሕይወት ታሪክ ነው። የቀሩትን አሥራ አንዱንስ ማን ያምነኛል? እነሱን እኮ በእጄ ነው የጻፍኳቸው።

የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ኤአዩን ከፈትኩት። ጻፈልኝ። ከእኔ ይቅርታ የእሱ ያምራል። አፈርኩና ዘጋሁት። ነገ ባዶ እጄን እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26። ከሰዓት
ከእኔ ሰፈር ከፓራዳይዝ እስከ እትዬ ሰፈር ሎን ማውንቴን ድረስ፣ በፀሐይ የጋለው መሪ እጄን እያቃጠለኝ ነዳሁ። እትዬ ሳሎን ብቻቸውን ናቸው። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። ልጅ የለችም፣ ጋሽ በላቸው ምንም አልነገሩኝም፣ ኮምፒውተር ነው የፈጠረው፣ እኔም እንደ ወረደ አስነበብኩት።

ኮምፒውተሩ እሱን ያውቀዋል ወይ አሉ። አያውቃቸውም አልኩ።

«እሱ አልዋሸኝማ።»

አልዋሹዎትም አልኩ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር አጣላሽኝ» አሉኝ። ጮክ ብለው እንኳ አይደለም። ከዚያ ሂጂ አሉኝ። ሄድኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9። ከቀኑ 10 ሰ.
በሳምንቱ ራሳቸው ደወሉ። ለአርባው እንደገና ትጽፊያለሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ አሉ፤ ይቅርታሽን ተቀብያለሁ አላሉም። አራት ቀን ከሥራ ወጥቼ እየሄድኩ ተቀመጥኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ጋሽ በላቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ኤርፖርት ሲያመላልሱ፣ እዚህ ከገቡ ወዲህ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ይፈሩ ነበር። እናታቸው ሲሞቱም ለቀብር ያልሄዱት በዚሁ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት አልደረሰልኝም ብለው ነበር ለሰው። ናቲ ይኼ አይነበብ አለ። እትዬ ግን ይነበብ፣ እናቱን እያነሳ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ነኝ አሉ።

ለጋሽ ግርማም ነገርኳቸው። ተቆጡኝ። አንቺ አልነበርሽ፣ እኔ ነበርኩ አሉ። ባለ ቀይ ቀሚሷ ልጅ እሳቸው ዘንድ እስካሁን አለች።

ነገ አርባው ነው። የቤ/ክ አዳራሽ ውስጥ የማነበው ራሴ ነኝ፣ የእትዬ ትእዛዝ ነው። ዛሬ መግቢያውን አሰሚኝ አሉ። «ባለፈው የተነበበው ስለ አንዲት ሕፃን የሚናገረው ቃል ኤአይ የፈጠረው ስሕተት ነው» ይል ነበር። እጃቸውን አነሱ፣ አስቆሙኝ።

«ማሽኑን እዚያ ማን ያውቀዋል? የሚያውቁት አንቺን ነው።»

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰረዝኩት። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ጋሽ በላቸው ሱዳን ውስጥ ልጅ አላሳደጉም። አሳደጉ ብዬ የጻፍኩት እኔ ምሥራቅ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።»