ሳውና ውስጥ ያልታየኝ ቀለበት

ጉኔልዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ባሕር ያምራል፤ እኔን ግን ከትናንት ወዲህ መሮኛል። እዚህ ማዴይራ ደሴት ልዋኝ ስወርድ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት "ጀርባሽ ላይ ያለው ቀይ ቀለበት ምንድን ነው?" አለችኝ። "ፀሐይ ነው" አልኳት። "ፀሐይ ደግሞ መቼ ነው በኮምፓስ መሳል የጀመረችው? የመዥገር ንክሻ ነው፤ ሐኪም ጋ ሂጂ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ሐኪሙ ገና እንዳየው የሁለት ሳምንት ክኒን ጻፈልኝ። "እንኳን በጊዜ መጡ፤ መዥገሩ የሰጠዎት በሽታ ቢቆይ ጉልበትዎን ያሳብጠው ነበር" አለኝ። ወዲያው ያንቺ ጉልበት ታየኝ።

እኛ የኦላንድ ደሴት ሰዎች በየቅዳሜው ሳውና ውስጥ፣ በዚያ የእንፋሎት ቤት፣ አንዳችን የሌላችንን ጀርባ እያየን መዥገር እንለቅማለን፤ ሁላችንም በሙቀቱ በርበሬ መስለን! እዚያ ቅላት ላይ ቀይ ቀለበት ማን ይለያል? አምና ጀርባሽን አይቼ "ንጹሕ ነሽ፣ ከአግዳሚው ውረጂ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጉልበትሽ ሲያብጥም "እርጅና ነው" ብዬ የሳቅኩብሽ እኔው።

በስልክ ልነግርሽ አፍሬ ነው የጻፍኩት። ካርዱ እንደደረሰሽ ክሊኒክ ሄደሽ "መዥገር ነክሶኝ ይሆናል፣ ደሜን መርምሩልኝ" በያቸው። ባልሽን ቶርስተንን ሳሚልኝ፤ ቦታ አለቀብኝ። ስመለስ ጀርባሽን ደጅ፣ በቀን ብርሃን አየዋለሁ፤ ካሁን በኋላ አምነሽ ካሳየሽኝ።

ቪቬካ