የአባባ አፍንጫ

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ በውሃ ለወስን፣ ከቦካው አንድ ጣሳ እርሾ ጨመርን፣ በርሜሉን ከደንን። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀደም ብለን ያቦካነውን ሌላውን በርሜል ከፈቱ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩ፣ ጭብጥ አወጡ፣ አሸተቱ። «ደርሷል» አሉ። አለቀ። እሳቸው ደርሷል ካሉ ማን ይከራከራል?

የምናደልባቸው ዝዮች ለሥጋ ሊደርሱ ትንሽ ቀራቸው። የቦካ መኖ ከጀመርን ወዲህ ደረታቸው ሞልቷል፣ ኩሳቸው እንኳ ደህና ሆኗል።

ታናሽ ወንድሜ ግን አላረፈም። «ይሄን መንጋ ለገዢ እናስረክብና አባባ ይረፉ። አርጅተዋል» ይላል። ማረፍ! እማማ ከሞተች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያ በርሜል ብቻ ነው። ከነጠቅናቸው በቁማቸው ቀበርናቸው ማለት ነው። ይሄ ልጅ አይገባውም...

ጥቅምት 9

ድስት አረረብኝ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። «አባባ፣ ምነው ቢጠሩኝ?» ብላቸው «ለምኑ?» አሉ። በክረምት የያዛቸው ያ ክፉ ጉንፋን ልባቸውንም ይዞት ሄደ መሰለኝ ብዬ ሳቅኩ።

ጥቅምት 13

በርሜሉ ተከፈተ። ኧረ ሽታው! የቦካ እኮ ጎምዘዝ ይላል፣ እንደ እርጎ። ይሄ ሌላ ነው... የበከተ ነገር። ወንድሜን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። አባባ ጭብጣቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ረጋ ብለው ሳቡ።

«ደርሷል። ስጧቸው።»

ሰጠናቸው።

ምን ልበል ታዲያ? «አባባ፣ ተሳስተዋል» ልበል? በዚህ ሥራ ላይ ያረጁ ሰው! ቅጠል ቀላቅለንበት ነበር፣ እሱ ይሆናል። አዎ፣ ቅጠሉ ነው...

ጥቅምት 14

ዝዮቹ መቆም አቃታቸው። ክንፋቸው ተዘረጋ፣ አንገታቸው እንደ እርጥብ ገመድ ተልፈሰፈሰ። አንዷን አቅፌ ጭንቅላቷን ቀና ባደርገው ተመልሶ ክንዴ ላይ ወደቀ። ዐይኗ ያየኛል። ወይ ጉዴ! ቅጠሉ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?

ጥቅምት 15

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። በርሜሉን ደፋው። ከሥሩ የበሰበሰ አይጥ ወጣ። ክዳኑን በደንብ ያልገጠምን ቀን ገብቶ ይሆናል።

«መርዙ ከዚህ ነው። ይሄ እኮ ከመንገድ ማዶ ይሸታል! ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለ ሐኪሙ።

«ምንም አልሸተተም» አሉ አባባ።

ወንድሜ ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ መጣና አፍንጫቸው ሥር ደቀነው። «ይሄስ? ምን ይሸታል?»

ሳቡ። ደግመው ሳቡ። «...እርጥብ ጨርቅ ነው» አሉ።

«አፍንጫህ ሞቷል አንተ ሰውዬ! ጨረስካቸው!»

አባቱን እኮ ነው። አንተ ብሎ! ደሜ ፈላ። «አንተስ ሸቶህ የለም ወይ? መሬት መሬት ስታይ አላየሁህም?» አልኩት። «አንቺስ?» አለኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

አባባ ተራ በተራ አዩን። «ሸቷችሁ ነበር?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16

ለሞቱት ዝዮች ጉድጓድ ስንቆፍር ዋልን።

ጥቅምት 18

ሻይ ወስጄላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ነው» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ነገ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል...»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በርሜሉን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ሻያቸውን ጠጡ።

ጥቅምት 29

ከመርዙ የተረፉት ጥቂት ዝዮች መብላት ጀምረዋል። አዲስ አቡክተናል። ወንድሜ «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር። አንስተው ስመውታል። እኔም ነገሩ በዚሁ በረደ ብዬ ነበር...

ዛሬ ጠዋት ጣሳ ይዘው መጡ። «አሽቺልኝ» አሉ። አባባ እኔን ምንም ነገር ለምነውኝ አያውቁም። አፍንጫዬን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ጎምዘዝ ያለ፣ ንጹሕ። ደስ አለኝ።

«ጥሩ ነው አባባ! ደርሷል።»

«እውነትሽን ነው?»

«እርስዎን ይንሳኝ! ደህና ነው።»

ፊቴን ብዙ አዩት። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ወሰዱ።

«ቢበላሽም ጥሩ ነው ነበር የምትዪኝ» አሉ።

በጣሳው ያለውን ደህና መኖ አጥሩ ጥግ ደፉት፣ ቤት ገብተው ተኙ። ገና ረፋድ ነው። ከበርሜሉ ቀድቼ ዝዮቹን እኔ አበላኋቸው።