«አጥቂ ጀርባ የለውም» ላሉት አሰልጣኛችን

ለተከበሩ አቶ ሌስተር ሃርግሬቭ፣
የዊሎው ቤንድ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን አሰልጣኝና የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ዞሮ የማያውቀው አንገትዎ ደኅና ነው? እኛ በሚያዝያም በረዶው አልለቅ ከማለቱ በቀር ደኅና ነን።

እኔ ማርጎ ፔልቲየር በሥራዬ የከብት ሐኪም፣ በቡድንዎ ደግሞ ግብ ጠባቂ ነኝ። ይህን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በስብሰባ ላይ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ሰዓት አልቋል ስለሚሉኝ ነው።

፩ኛ፣ ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። ጎል አግቢያችን ዳርሊን ሆሉብ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት ጉልበቷ እንደ ድሮው አልሮጥ ሲላት፣ «አሰልጣኝ፣ እስቲ ከኋላ ልሰለፍ» ብላ ለመነችዎ። እርስዎም በመልበሻ ክፍል ሁላችንም እየሰማን፣ «አጥቂ ጀርባ የለውም። ጎል ማግባት ካቃተሽ ቤትሽ ቁጭ በይ» አሏት። ዳርሊን የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው። ክረምቱንም ተቀያሪ ወንበር ላይ ከረመች።

፪ኛ፣ ስለ ድፍረትዎ አመሰግናለሁ። በግማሽ ፍጻሜው ዕለት አንዷ ተከላካያችን ምጥ ያዛት፣ ሌላዋ በጉንፋን ወደቀች።

«ዳርሊንን ያስገቡ» አልኩዎት።

«አሥር ጎል ነው የሚቆጠርብሽ!»

«ዘጠኙን እኔ አድናለሁ፤ አንዷን እርስዎ ያስረዳሉ።»

ሌላ ሰው ስላልነበረዎት በድፍረት አስገቧት።

ሌባ የነበረ ዘበኛ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ ያውቃል። ዳርሊን አልሮጠችም፤ ሃያ ዓመት የገባችበትን መንገድ ስለምታውቀው እዚያው ቆማ ጠበቀቻቸው። «ማርጎ! ይቺ ልጅ ወደ ቀኝ አይታ ወደ ግራ ነው የምትመታው፤ የእኔን ተንኮል እኮ ነው የሰረቀችኝ!» ብላ ጮኸችልኝ። እንዳለችውም ሆነ። አንድ ለባዶ አሸነፍን።

በፍጻሜው፣ እኔ ወድቄ ጎሉ ባዶ ሲሆን፣ ዳርሊን በረዶው ላይ ተዘርግታ ጠፍጣፋውን የጎማ ፓክ በእግሯ አስቀረችው። አጥንቷ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ በሥራዬ ያን ድምፅ አልስተውም። «ተነሽ፣ ውጪ!» ስላት፣ «ዝም በይና ጎልሽን ጠብቂ» አለችኝ። የቀረውን አራት ደቂቃ በአንድ እግሯ ጨረሰችው። ዋንጫውን ወሰድን። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ክቡርነትዎ እንዳይቀየሙኝ፣ አጥቂ ሁሉ መከላከል ይችላል አልልም። ሌላዋ ጎል አግቢያችን ትሪና በልምምድ ከኋላ ቆማ ሳለ በሩብ ሰዓት አራት ጎል ተቆጥሮብኛል፤ ፓኩ ከዱላዋ ሲወጣ ሥራዋ ያለቀ ይመስላታል። ዳርሊን ግን ያመለጣትን ፓክ እንደ ጠፋባት ጥጃ ነው የምትፈልገው። ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ላሠለጠናት ሰው እሷን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃው ነበር።

፫ኛ፣ ስለ ትሕትናዎ ቃል ያጥረኛል። በድሉ ራት ላይ ዳርሊን ክራንቿን ወንበሯ ላይ አስደግፋ ተቀምጣ ሳለ፣ «ተከላካይነቷ ከድሮም ታይቶኝ ነበር» ብለው የዓመቱን የመከላከል ሽልማት በራስዎ ስም ተቀበሉ። ሰው አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች፤ ይህን ነው ያልቻልኩት። በሁለተኛው ሳምንት የመጪው ዓመት ስም ዝርዝር ሲለጠፍ የእሷ ስም የለም። ምክንያቱን ስትጠይቅዎ፣ «ዕድሜሽ ነዋ፣ ዳርሊን» አሏት፤ የስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ እርስዎ።

ለአርቆ አሳቢነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ግብ ጠባቂ ሌላ አቋም ስለማታውቅ በጉልበቴ ተንበርክኬ የማቀርብ፣ መልካም ዕረፍትና ረጅም፣ እጅግ ረጅም የጡረታ ዘመን የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ የነበረች
ማርጎ ፔልቲየር

ማስታወሻ፦ ዳርሊን ለመጪው ዓመት ለጎረቤታችን ለኬስትሬል ሌክ ቡድን ፈርማለች። የት መሰለፍ እንደምትፈልግ ሲጠይቋት፣ «ፊትም ኋላም ያው ነው» ብላቸዋለች። የመክፈቻው ጨዋታ ከእናንተ ጋር ነው። እኔም አብሬያት ስለፈረምኩ፣ የቡድንዎን የግብ ጠባቂ መከላከያ ልብስ በረንዳዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። ይለኩት፤ ልክዎ ይመስለኛል።